ሁለተኛው ገጽ ላይ የቀረ ጽሑፍ

ዛሬ ከሕግ ተማሪዎችና ከጥቂት ጠበቆች ጋር ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ስንወያይ ዋልን። አዘጋጅቼ የሄድኩት ጽሑፍ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀረ። ምክንያቱ አንድ ጥያቄ ነው።

አንዲት ሴት ስለ ፍቺ ልታማክር ጠበቃ ዘንድ ትመጣለች። ንብረቱን፣ ስጋቷን፣ እስከ ምን ድረስ ብትደራደር እንደምትስማማ ሁሉን ትነግረዋለች። በክፍያ ሳይስማሙ ትሄዳለች፤ ውል የለም፣ ውክልና የለም። በሳምንቱ ባሏ ያንኑ ቢሮ ያንኳኳል። ጠበቃው ጉዳዩን ይያዝለት?

ተማሪዎቹ "ደንበኛው አልሆነችም፤ ምን ችግር አለው?" አሉ። የገረመኝ ግን ዓመታት የሠሩት ጠበቆችም ለሁለት መከፈላቸው ነው። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ውል እስኪፈረም እንደማይጠብቅ፣ ሰው ምክር ፈልጎ ጉዳዩን ሲነግርህ እንደሚጀምር እያብራራሁ ሳለ አንዱ "እኔ እኮ ይህን አድርጌ አውቃለሁ" አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ያስተማረው እሱ መሰለኝ።

አሜሪካ ውስጥ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሙያ ሥነ ምግባርን የግድ እንዲያስተምሩ የተወሰነው በፕሬዚዳንት ኒክሰን ዘመን ከተፈጸመው የዋተርጌት የፖለቲካ ቅሌት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በቅሌቱ እጃቸው የተገኘባቸው ብዙዎቹ ጠበቆች ነበሩ። ሕግ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም መቼም!

በሚቀጥለው ውይይት የሙያ ሥነ ምግባርን ትርጓሜ ትቼ በቀጥታ በደንበኛ ገንዘብ አያያዝ ልጀምር ነው፤ የደንበኛን ገንዘብ ከራስ ሒሳብ ጋር መቀላቀል ብዙ ጠበቃ የሚሰናከልበት ቦታ ነው።

ስንወጣ አንድ ተማሪ "ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" ብሎ ጠየቀኝ። ሳቄ አመለጠኝ።