የማዕቀብ ጥናቴ አራተኛ ወር፦ የ1928ቱን ሠንጠረዥ እንደገና ስሠራ

ጠላትን በማስፈራራት መግታት፣ ድርድርና የኢኮኖሚ ጫና በአገሮች ጠብ ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ለብቻዬ ማጥናት ከጀመርሁ አራት ወር ሞላኝ። ባለፈው ያካፈልኋችሁ፣ በኢጣሊያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ የመዘገብሁበት ሠንጠረዥ ሁለት ስሕተቶች ነበሩበት። አንደኛው የሚያስቅ ነው፤ የእኛንና የአውሮፓውያንን የዘመን አቆጣጠር ቀላቅዬ፣ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ከመውረሯ ሰባት ዓመት አስቀድሞ ማዕቀብ የተጣለባት አስመስያለሁ።

ሁለተኛው የፍርድ ስሕተት ነው። የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ የጣለው ማዕቀብ የከሸፈው የኢኮኖሚ ጫና ጦርን ስለማያቆም ነው ብዬ ነበር። ዝርዝሩን ስመረምረው ግን ጫናው በቅጡ አልተሞከረም። ወረራው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀምሮ ማዕቀቡ ኅዳር 8 ሥራ ላይ ሲውል፣ የጦር መሣሪያ፣ ብድርና ከኢጣሊያ የሚገዛ ሸቀጥ ቢከለከልም፣ የጦሩ ካሚዮንና አውሮፕላን የሚንቀሳቀስበት ነዳጅ አልተካተተም፤ የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከብ ክፍት ነበር። በዚያው በኅዳር መጨረሻ የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለኢጣሊያ የሚሰጥ ዕቅድ መስማማታቸው በጋዜጣ ሲወጣ፣ ሙሶሊኒ ከዚህ የባሰ ቅጣት እንደማይመጣበት ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም።

ከወረራው በፊት ብሪታንያ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ መከልከሏም አለ። በወረቀት ላይ እኩልነት ይመስላል፤ ነገር ግን ኢጣሊያ መሣሪያዋን ራሷ ትሠራለች፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ትገዛለች። አባታቸው በጎጃም አርበኝነት የዋሉ አንድ ጎረቤቴ ይህን ሳነብላቸው «ለዚህ ነዋ ጥይት ከሞተ ጠላት ወገብ ይፈታ የነበረው» አሉኝ።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1956 ብሪታንያና ፈረንሳይ ከእስራኤል ጋር ሆነው ግብፅን ሲወጉ፣ አሜሪካ አንድ ጥይት ሳትተኩስ፣ ፓውንድ እየወደቀ ሳለ ለንደን ከዓለም የገንዘብ ድርጅት እንዳትበደር በማገድ ጦሩ በታኅሣሥ እንዲወጣ አድርጋለች። እዚህ ላይ ጫናው ያረፈው ተገዳጁ ሊተካው በማይችለው ነገር ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. የ1962ቱ የኩባ የሚሳይል ቀውስ ከሁሉ ይበልጥ አከራክሮኛል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ደሴቲቱን በባሕር ኃይል ከበባት፤ የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ክሩሽቾቭ እዚያ ያስቀመጣቸውን ሚሳይሎች ያነሣው ግን ኩባን ላለመውረር በይፋ፣ ከቱርክ የአሜሪካን ሚሳይሎች ለማንሣት ደግሞ በስውር ቃል ከተገባለት በኋላ ነው። ደም ለማድረቅ የተቀመጡ የአገራችን ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ለየብቻ የሚያነጋግሩት ለምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ «ጫናው የሚነሣው ምን ሲሆን ነው?» የሚል አዲስ ዓምድ ጨምሬአለሁ። የሚቀጥለው ወር ሥራዬ ኢራን የኑክሌር ሥራዋን ገድባ ማዕቀብ እንዲነሣላት እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረሰው ስምምነት ሲሆን፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ጥላው ስለወጣች በዚያ ዓምድ ምን እንደምሞላ ገና አልወሰንሁም።