ቻትጂፒቲ ያወጣው ፈተና

ባለፈው ሳምንት የመምህራን ክፍል ቁጭ ብለን ሳለ የታሪክ መምህሩ ባልደረባዬ ስልኩን አቀበለኝ። "እስቲ እየው፣ ቻትጂፒቲ በአንድ ደቂቃ ፈተና አወጣልኝ።" አየሁት። አማርኛው ትንሽ ይንገዳገዳል እንጂ ክፉ አይደለም። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን የዓድዋ ድል "የካቲት 23 ቀን 1896 ዓ.ም." ይላል! ቀኑን ከእኛ፣ ዓመቱን ከፈረንጆቹ ወስዶ ቀላቅሎታል፤ በእኛ 1888 ነው። ተማሪ ፊት ቢደርስ ጉድ ፈልቶ ነበር።

ዩኔስኮ በ2024 እ.ኤ.አ. ለመምህራን ባወጣው የኤአይ (እንደ ቻትጂፒቲ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ማዕቀፍ 15 ብቃቶች ዘርዝሯል። ጥሩ ነው። እኛ ጋ ግን ሥልጠና ሲባል ፓወርፖይንት እያዩ ማዛጋት ሆኗል (አበሉን ሳንረሳ)። እኔ የምፈልገው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው፤ የየራሳችንን ፈተና ይዘን፣ ማሽኑ የት የት እንደሚሳሳት አብረን የምንፈትሽበት።

ባልደረባዬ ዓመቱን አስተካክሎ ቀሪዎቹን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ሻዩ ቀዘቀዘበት።