«ምን በደልኩህ?» የእንቁጣጣሽ መልእክት ከደብረ ብርሃን

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ!

ሥዕሎቼን ለምትከታተሉ ሁሉ ይህን የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁት «ፀሐይ ወጣልን» ስትሉ ሰምቻለሁ። እኛ ጋ ገና ናት። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ መስከረም ጠባ ስላልናት ብቻ ጉሟን አታነሳም። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። እናቴ ጓዳ ሽንኩርት እያቁላላች ነው፤ ሽታው እዚህ ድረስ መጥቶ ሐሳቤን ይበትነዋል። ከተዘበራረቀብኝ ጥፋቱ የዶሮው ነው።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ልጆች በራችንን አንኳኩ። አንዱ መልአክ፣ ሌላው አደይ አበባና ፀሐይ ሥለዋል። ያቺው ዓይንና አፍ ያላት ፀሐይ። ብር ሰጠኋቸው። ሥዕሉን በቅጡ ሳላየው ወደሚቀጥለው በር በረሩ። ሥራ ላይ ናቸው፤ ገበያው የግማሽ ቀን ነው።

እኔም የጀመርኩት በዚሁ ሥራ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሽርክና ነበረን። እሱ አንድ መልአክ አሳምሮ ይሥላል። ያንን ወረቀት መስኮቱ መስታወት ላይ እንለጥፈውና ሌላ ወረቀት እንደርብበታለን። ከኋላ በሚመጣው ብርሃን መስመሩን እየተከተልን እንገለብጣለን። ጳጉሜ 3 የሩፋኤል ዝናብ ሲወርድ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ውጭ እየጨፈረ ይታጠባል፤ እኛ በር ዘግተን እናመርታለን። ለሁለት የነበረን አንድ ባለ 12 ከለር ነው። ቢጫው ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቃል። አደይ አበባው፣ ፀሐዩ፣ የመልአኩ አክሊል፣ ሁሉም ቢጫ ይበላል። አንድ ዓመት ቢጫው አልቆብን ብርቱካናማ አደይ አበባ ይዘን ዞርን። ማንም አልጠየቀንም። ሃምሳ ሳንቲም የሰጠ፣ ብር የሰጠ፣ ድፎ ዳቦ ቆርሶ የሰጠም ነበር።

አሁን አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያውን ዓመት፣ ፋውንዴሽን የሚባለውን፣ ሰኔ ላይ ጨረስኩ። ለማታውቁት፣ ቀለም ቅብ ነው ቅርጻ ቅርጽ ነው ብላችሁ ሳትለዩ ሁሉንም የምትነካኩበት ዓመት ነው። ከሰል፣ ጭቃ፣ የቀለም ቅልቅል፣ የሰው አካል ንድፍ፣ ርቀትን በመስመር የምናሳይበት ፐርስፔክቲቭ። መጨረሻ ላይ ከዓመቱ ሥራ መርጣችሁ ፖርትፎሊዮ ታዘጋጃላችሁ። እስካሁን ያሳየኋችሁ ያማረውን ብቻ ነው። ትራስ ሥር የተጠቀለለው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዓል አይደል? ዛሬ ከዚያም ላውጣላችሁ።

እናንተ አብዝታችሁ የወደዳችሁልኝ በእርሳስ የሠራኋቸውን የታዋቂ ሰዎች ፊት ነው። ከስልክ ፎቶ እያየሁ፣ ወረቀቱን ካሬ ካሬ እየከፋፈልኩ፣ ጸጉሩን አንድ በአንድ እየሳብኩ። «ፎቶ እኮ ነው የሚመስለው!» ብላችሁኛል። ያን ቀን መሬት አልነካሁም። እነሱኑ ይዤ መምህራችን ፊት ቀረብኩ። አንድ በአንድ አያቸው። «ፎቶ ከሆነ የምትፈልገው፣ ፎቶውን አምጣልኝ» አለኝና ወደ ጎን አደረጋቸው። ስድስቱንም። ሦስት ቀን አኮረፍኩ።

የገባኝ ቆይቶ ነው። ፎቶው አስቀድሞ ጨርሶልኛል። ጥላው የት እንደሚያበቃ፣ ጠርዙ የት እንደሚደበዝዝ ካሜራው ወስኗል። እኔ ያው መስኮት ላይ ወረቀት ደርቦ የሚገለብጠው ልጅ ነበርኩ፤ መስኮቱ ስልክ ሆነ እንጂ። ሰው ፊት ለፊታችሁ ሲቀመጥ ግን ይተነፍሳል። ይደክመዋል። ትከሻው ቀስ እያለ ይወርዳል። በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ የነበረውን ሰውዬ ነው የምትሥሉት ወይስ በሃያኛው ደቂቃ ያለውን? ያንን የሚወስንላችሁ የለም። እነዚያን የእርሳስ ሥራዎች ላጥላላቸው ግን አልፈልግም። እጄን ያፍታቱት እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው የተሸጠው አንዱ ደግሞ የዓመቱን ወረቀት ገዝቶልኛል።

ከሁሉ ያስለቀሰኝ ነጭ ነው። የጋቢ ጥናት እንድንሠራ ታዘዝን። የሰሜን ሸዋ ልጅ ጋቢ ያቅተዋል ብሎ ማን ያስባል? የመጀመሪያውን ስሠራ ጋቢውን ዙሪያውን በጥቁር መስመር ከበብኩት። ቆርቆሮ መሰለ። የንድፍ መምህራችን አየችውና «ነጭ አይሣልም፤ ይተዋል» አለችኝ። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። የምንሥለው እጥፋቱ ውስጥ የተደበቀውን ጥላ ነው፤ በቀረው ላይ እጅን መሰብሰብ ነው። አይ እጅ መሰብሰብ! ከሰል የያዘ እጅ ሥራ ፈት መሆን አይወድም። ጋቢው የለሰለሰልኝ አራተኛው ወረቀት ላይ ነው። ከጋቢው ሥር ያለው ሰው ገና አልተቀመጠም፤ እሱን ሌላ ዓመት።

በቀለም ሲሆን ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ጥላ ጥቁር አይደለም ተባልን። ጥቁር ቀለም መንካትም ተከለከልን። አልትራማሪን ሰማያዊን በርንት ሲዬና ከሚባለው ቡናማ ጋር ስትቀላቅሉት ግራጫ ይወጣል። ሰማያዊው ሲበዛ የደብረ ብርሃን ጠዋት ይሆናል። ቡናማው ሲበዛ የመንዝ ባና። አያቴ መንዝ ናት። ባናዋን ከጥቁር በግ ሱፍ ጥቁር፣ ከቡናማው ቡናማ አድርጋ ስትፈትል ኖራለች፤ ቀለም ነክራ አታውቅም። እኔ ይቺን ግራጫ ለማግኘት ስንት ብር አውጥቼ ቱቦ እንደገዛሁ አልነገርኳትም። ለነገሩ መቼ አግኝቻት? ከአዲስ አበባ እስከዚህ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር በሰላም መጣሁ፤ መንዝ ግን ዘንድሮም አልደረስኩም። መንገዱ ልብ አይጣልበትም። በስልክ «ከርመህ ና» አለችኝ። እንዲህ ያለ በዓል ነው የያዝነው።

ፐርስፔክቲቩን የሠራሁት በጣርማ በር የመኪና ዋሻ ነው። መስመሩ ሁሉ ዋሻው ጫፍ ላይ ወዳለችው ብርሃን ይሮጣል። ቀላል ነው፤ ከመኪናው ጡሩምባ በቀር የሚያስቸግር የለውም። እለፉት።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። ፋሲካ ላይ ለእረፍት መጥቼ ሣልኳት። ከጎን፣ ቡና እየቆላች፣ በከሰል። ከጭሱ ጋር አብሮ የሚጠፋ የግንባር መስመር፣ ወደ ምጣዱ ያጎነበሰ አንገት። ራስን ማመስገን ባይሆንብኝ የዓመቱ ምርጥ ሥራዬ ነው። አሳየኋት። ዝም አለች። ቆየችና፣

«ምን በደልኩህ?» አለችኝ።

«ምነው እማዬ?»

«በአንድ ዓይን ሣልከኛ!»

«ፕሮፋይል ይባላል እኮ...»

«ስሙን አልጠየቅኩህም።»

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃንና መላእክት ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ነው የሚሣሉት። ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣኑ፣ ይሁዳው፣ ክፉው ነው። እናቴ ይህን ከማንም አልተማረችም። በየእሑዱ ግድግዳው ፊት ቆማ ዓይኗ ለምዶታል። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ «ማየት ተማሩ» ስባል ከርሜ እሷ የምታየው አልታየኝም። የሚያስቀው፣ በሰባት ዓመቴ አውቀው ነበር። ከወንድሜ ጋር ከገለበጥናቸው መላእክት አንድ ዓይን ያለው አንድም አልነበረም።

ሁለተኛ ሣልኳት። ፊት ለፊት፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። እውነቱን ልናገር፣ የመታወቂያ ፎቶ መሰለ። እሷ ግን ሳሎን ሰቀለችው። መምህሩ የወደደው የቡናውን ነው። ፖርትፎሊዮዬ ውስጥ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስገባኋቸው። አንዱን አውጣ ተባልኩ፤ አላወጣሁም። ነጥብ ተቀነሰብኝ መሰለኝ።

በዓል ሲመጣ ዘመድ የሚጠይቀው ጥያቄ ደግሞ አለ። «ሥዕል እንጀራ ይሆናል?» እናቴ መልሷ ዝግጁ ነው፦ «የአንኮበሩስ?» አፈወርቅ ተክሌን ማለቷ ነው። ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው አንኮበር በ1925 ተወልደው፣ ማዕድን ምህንድስና ይማሩ ተብለው እንግሊዝ አገር ተልከው፣ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። ዘመዱ ዝም ይላል። እኔ ግን እሳቀቃለሁ። የሮጠ ሁሉ ኃይሌ አይሆንማ! ዘንድሮ ከክፍሌ ልጆች ጋር አፍሪካ አዳራሽ ሄደን የእሳቸውን የመስታወት ሥራ አየነው። 150 ካሬ ሜትር ነው። ልጆቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ስለ አህጉሩ ያለፈው፣ ያሁኑና የወደፊቱ ይከራከራሉ። እኔ ትዝ ያለኝ የቤታችን መስኮት ነው። ከኋላ ብርሃን፣ ከፊት መስመር። ለማንም አልነገርኩም፤ ይስቁብኛል።

ትናንት በዋዜማው ጎረቤታችን እትዬ ቤት ለሰላምታ ገባሁ። በልጅነታችን ሳይጎድሉ አንድ ብር የሚሰጡን እሳቸው ነበሩ። ከበሩ ጀርባ፣ ከቀን መቁጠሪያው ሥር፣ የእኛ መልአክ ተመትቷል። ቢጫው የለም። ቀዩ ጥርስ የታጠበበት ውኃ መስሏል። ርካሽ ቀለም ብርሃን አይችልም፤ እርሳስ ግን ይችላል። ስለዚህ የቀረው የወንድሜ መስመር ብቻ ነው። ክንፎቹ የባሕር ዛፍ ቅጠል ናቸው። አንደኛው እጅ ስድስት ጣት አለው። የፎቶ ፊቶቼን ሁሉ ሰብስቤ ከዚያ መስመር ጋር አወዳደርኳቸው። አልናገርም።

«እትዬ፣ ይህን ለፖርትፎሊዮዬ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ገዝቼዋለሁ እኮ» አሉኝ።

በስልኬ አነሳሁትና ልወጣ ስል፣ «የዘንድሮውስ?» ብለው ጠየቁኝ። ሃያ ሊሞላኝ ነው። አፈርኩ። ማታ ግን መብራት ከጠፋ በኋላ በሻማ ተቀምጬ ሠራሁላቸው። እሳቸውን ራሳቸውን፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ። ነጩን ትቼዋለሁ። ዓይናቸው ሁለት ነው፤ ሁለቴ ቆጥሬያለሁ።

እናንተም በዓመቱ ውስጥ «በርታ» ያላችሁኝ፣ የገዛችሁኝ፣ እውነቱን የነገራችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በቤታችሁ ያለውን ሁሉ ሰላም ይጠብቅላችሁ። ዶሮው ደርሷል፣ እናቴ እየጠራችኝ ነው። ከምሳ በፊት ግን ሥዕሏን ይዤ እትዬ ቤት ልድረስ። ዘንድሮ አንድ ብር አልቀበልም፤ ከሰል ተወዷል።