ዘናጭ፣ ሽቅርቅር፣ መኮሮኒ

ቅዳሜ ከሰዓት የእህቴን ልጅ ይዤ መኪና ግርግር ሄድን። ሐረርን የሚያውቅ ያውቀዋል። በግንብ በታጠረው በጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል ስትሉ ገና ሳታዩት ይሰማችኋል። ስሙም የመጣው ከዚያው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ግርግር ነው።

የሄድነው ሱሪ ለማስጠበብ ነው። አዲስ ሱሪ። ለእኔ ዓይን ድሮውንም ጠባብ ነው።

ሰፊው ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጥለዋል፤ ሁለት ስፒል በከንፈራቸው ይዘዋል። ልጁ «ጋሼ፣ ከጉልበት በታች ትንሽ ይጥበብ» አላቸው። በጠመኔ አሰመሩ። «ትንሽ ይጨመር» አለ። አሁንም አሰመሩ። ሦስተኛ ሲል ስፒሉን ከአፋቸው አወጡ።

«አቦ! ይሄ ሽቅርቅር በምን ሊቀመጥ ነው?»

ልጁ አኮረፈ። «ዘናጭ ቢሉኝ ምን አለበት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

እውነቱን ነው። ዘናጭ ከተባልክ ደረትህን ትነፋለህ። ሽቅርቅር ከተባልክ ግን ልብስህ ከአንተ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው።

የገረመኝ ሌላ ነው። ይሄ ልጅ ከስልኩ የለቀማትን የእንግሊዝኛ ቃል «ዱድ»ን ቀኑን ሙሉ ከአፉ አያወጣትም። ለጓደኛው ዱድ፣ ለእናቱም ዱድ። ቃሏ ግን መጀመሪያ የሽቅርቅር ስም ነበረች! እ.ኤ.አ. በ1883 ኒውዮርክ ውስጥ በአንዴ ነው የገነነችው። መሳለቂያ የሆኑት የእንግሊዞችን አለባበስና አነጋገር የሚኮርጁ የሀብታም ልጆች ናቸው፤ ከፍ ያለ ኮሌታ፣ ከዘራ፣ እና (ልብ በሉ) እግር ላይ የተጣበቀ ሱሪ። በኋላ የምዕራብ አሜሪካ ከብት ጠባቂዎች ለሽርሽር የመጣውን ከተሜ ሁሉ እንደዚያ አሉት። እንዲህ እንዲህ እያለች ልብሱን አውልቃ ጣለችና ዛሬ «አንተ ሰውዬ» እንደማለት ሆነች። የእኛም አራዳ የአዲስ አበባ ሰፈር ነበር። አሁን ሰው ነው።

የዱድን ምንጭ ያጠኑ ሰዎች «ያንኪ ዱድል» ወደሚባለው የድሮ የአሜሪካ ዘፈን ይመልሷታል። እዚያ ላይ አንድ ባላገር ባርኔጣው ላይ ላባ ሰክቶ «መኮሮኒ» ይለዋል። ይሄንን ለጋሼ ስነግራቸው መኪናውን አቆሙ።

«የምንበላው መኮሮኒ?»

የምንበላው። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹና 70ዎቹ ጣሊያን አገር ዞረው የተመለሱ የእንግሊዝ ወጣቶች መኮሮኒ ወደው መጡ፤ ስሙም እነሱው ላይ ቀረ። አናታቸው ላይ ቁመቱ ለጉድ የሆነ ሰው ሠራሽ ፀጉር ይቆልሉ ነበር። ባላገሩ ታዲያ በአንድ ላባ እነሱን የሆነ መስሎት ነው የተሳቀበት።

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኛ ዘንድ መኮሮኒ ምሳ ነው» አሉ።

ሱሪው አለቀ። ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ ለብሶት ወጣ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አቃተው፤ እኔ አሰርኩለት። «ዱድ፣ አሪፍ ነው!» አላቸው ሰፊውን። ዱድ ማለቱን ሳያውቀው ነው። ጋሼም «በደስታ ልበሰው፣ መኮሮኒ» አሉት።

ልጁ ወደ በሩ ሲሄድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ትርፉን ጨርቅ አልቆረጥኩትም። ውስጡን ነው ያጠፍኩት፤ አምጣው፣ እፈታለታለሁ።»