ሩዝ የምታክል የባሕር ቀንድ አውጣ

ፔሪንጂያ ኡልቬ በሰሜን አውሮፓ የባሕር ዳርቻ ጭቃ ላይ ትኖራለች። ዛጎሏ ቢረዝም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጭቃውን በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ካጠለላችሁ ግልገሎቹ ሾልከው ያመልጣሉ፤ 0.5 ይሻላል።

በዛጎሏ ብቻ ለመለየት አትቸኩሉ፤ ዘመዶቿ በጣም ይመስሏታል። በሕይወት እያለች ትንሽ የባሕር ውሃ ባለበት ሳህን ላይ አድርጋችሁ ቀንዷን እስክታወጣ ጠብቁ (ስሟ ቀንድ አውጣ ሆኖ አላወጣም ስትል ታናድዳለች)። በ20 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲታይ ከቀንዷ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጥቁር ምልክት አለ። ቸኩሎ አልኮል ውስጥ የከተታት ሰው ይህን አያይም፤ ተሰብስባ በሯን ትዘጋለችና።

ባዶውን ዛጎል ጨው እንዳይቀርበት በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማድረቅ ነው። ኮምጣጤ አይንካው፣ ይበላዋል። የኦክ እንጨት መሳቢያም ያው ነው፦ ከእንጨቱ የሚወጣው የአሲድ ትነት ዛጎሉን ነጭ ዱቄት ያለብሰዋል። የመስታወት ብልቃጥ ይበቃል።