ዳታቤዝን ፋይል ሲስተም በሌለበት ፓርቲሽን ላይ ስለማስቀመጥ

ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ መጋዘን ማይኤስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ ስተክል፣ ዳታውን የሚያስቀምጥለትን ክፍል፣ የኢኖዲቢን ማከማቻ፣ ፋይል ሲስተም (ፋይሎችን በዲስክ ላይ የሚያደራጅ ሥርዓት) ባልተፈጠረበት ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ላይ በቀጥታ አኖርሁት። ምክንያቴ ሙያዊ ነበር። ዳታቤዙ ከዲስክ ያነበበውን ገጽ (አንድ ቁራጭ ዳታ) ራም ውስጥ ባለው በራሱ ማቆያ፣ በበፈር፣ ይይዘዋል፤ ፋይል ሲስተም በመካከል ሲገባ ደግሞ ሊኑክስ ያንኑ ገጽ ራም ውስጥ ባለው በራሱ ማቆያ፣ በካሽ፣ ስለሚደግመው፣ ጥቂት ራም ባለው ሰርቨር ላይ አንድ መረጃ ሁለት ቦታ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኦራክልና የኢንፎርሚክስ ዳታቤዝ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ፋይል ሲስተም የሌለበት «ሮው ፓርቲሽን» ሲመርጡ ይህ ድግግሞሽ አንዱ ምክንያታቸው ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዲስክ ሊጨምር የሄደ ወጣት ባልደረባዬ የፓርቲሽኖቹን ዝርዝር ሲያወጣ፣ በሌሎቹ ትይዩ የፋይል ሲስተሙ ዓይነት ተጽፎ በዚህኛው ትይዩ ግን ምንም አልነበረም። «ጋሼ፣ ባዶ መስሎኝ እኮ ነው» አለኝ በስልክ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። ፎርማት አድርጎታል። የሌሊቱን ባክአፕ መልሰን፣ የዕለቱን ሽያጭ ከደረሰኝ ጥራዝ አንድ በአንድ ስንመዘግብ አመሸን። በእርሱ አልፈርድም፤ ያ ፓርቲሽን ዳታ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ፣ ይህም የእኔ ጥፋት ነው።

የፈለግሁትን ጥቅም ደግሞ በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻል ነበር። የኢኖዲቢን የአጻጻፍ ስልት «ኦ ዳይሬክት» ላይ ማድረግ የዳታ ፋይሎቹን ከሊኑክስ ካሽ ውጭ ያደርጋቸዋል፤ ኤክስኤፍኤስ የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተምም በዚህ መንገድ በአንድ ፋይል ላይ በርካታ የመጻፍ ሥራዎች ጎን ለጎን እንዲካሄዱ ይፈቅዳል። ሌላው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ሮው ፓርቲሽንን ጨርሶ አይቀበልም፤ ኦራክልም ዲስክን ኤኤስኤም በተባለ የራሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ በኩል ማስተዳደርን አስፋፍቶ፣ በ12ሲ ዕትሙ ለሮው ዲቫይስ የሚሰጠውን ቀጥተኛ ድጋፍ አቁሟል።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ሮው ፓርቲሽን ይሻላል የሚሉም አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። የኢኖዲቢ ገጽ በተለምዶ 16 ኪሎባይት ስለሆነ፣ ዲስኩ ግማሹን ጽፎ ኃይል ቢቋረጥ ገጹ በሁለቱም አቀማመጥ ይቀደዳል፤ የሚያድነው ገጹን አስቀድሞ በሌላ ስፍራ የሚጽፈው የደብልራይት አሠራር ነው፣ እርሱም ዲስኩ «ጻፍሁ» ሲል በእርግጥ ከጻፈ።

አሁን የኮምቦልቻው ሰርቨር በኤክስኤፍኤስ ይሠራል፤ ዝርዝሩ ሲወጣም በዚያ ፓርቲሽን ትይዩ የዳታቤዙ ስም ይነበባል።