ባሕር ዳር ስትሄዱ ጣና ውስጥ አትዋኙ

የጣና ዳርቻ የሚያጓጓ ቢሆንም ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለበት። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ወዲያው በፎጣ መታሸት አያስተማምንም። ደንገል የበቀለበት ጥልቀት የሌለው ቦታማ ይብሳል። ውሃው ከነካችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ተመርመሩ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ገና ያልጎለመሰውን ትል ስለማይገድል ቶሎ መዋጡ ብዙም አይረባም።

ገዳማቱ ወዳሉበት ወደ ዘጌ በጀልባ በጠዋት ተሻገሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሞገድ ያስነሳል። ላይፍ ጃኬቱ መኖሩን አይታችሁ ብቻ አትለፉ፤ ልበሱት፣ ማሰሪያው መያዙን ሳብ አድርጋችሁ እዩ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ፣ ለፎቶ ብላችሁ ባለጀልባውን «ጠጋ በል» አትበሉት።

ጥሬ ዓሣ ይቅርባችሁ፤ ጥብሱ መች አነሰና!

ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወባ አለባት። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ካተኮሳችሁ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ ሳትተኙ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ።